ዝናብ በማይጠፋበት አገር የሚደርስ ጉዳት፤ የአየር ጠባይ ለውጥና የግሽ ዓባይ አካባቢ ገበሬ ኤኮኖሚ

መግቢያ

በኢትዮጵያ ስለ ድርቅ ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠሩት ወሎ፣ ትግራይ፣ ሰሜን ሸዋና ኦጋዴን ናቸው። ጎጃም በዚህ ዝርዝር ውስጥ እምብዛም አይገባም። በጎጃምም ውስጥ ግሽ ዓባይ ይልቁንም በውኃ ምንጭነቱ የሚታወቅ፣ ምእመናን ለጸበል ከሩቅ የሚመጡበት፣ እ.ኤ.አ. በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ፣ በ1770 ደግሞ ጄምስ ብሩስ የዓባይን መነሻ ለማየት የደረሱበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለው አገር በዝናብ ምክንያት ይቸገራል ቢባል ጉዳዩን በቅርብ ላልተከታተለ የሥራ ኃላፊ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል።

ይሁን እንጂ የአየር ጠባይ ለውጥ በገበሬው ኤኮኖሚ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚለካው በጠፋው ዝናብ ብቻ አይደለም። ዝናቡ ሳይጠፋ ጊዜውን ሲስት፣ ሲዘገይ፣ ያለ ወቅቱ ሲመጣ ወይም በአንድ ጊዜ ከልክ በላይ ሲወርድ የሚያስከትለው ኪሣራ ብዙ ጊዜ በዕርዳታ ሰነዶች ላይ ሳይመዘገብ ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ኪሣራ እንዴት እንደሚፈጠር፣ ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሸጋገርና በዕርዳታና በሠፈራ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሠራተኞች ምልክቱን እንዴት አስቀድመው ሊያውቁት እንደሚችሉ ማስረዳት ነው። እ.ኤ.አ. ተብሎ ካልተመለከተ በስተቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የአካባቢው ሁኔታ

ግሽ ዓባይ በምዕራብ ጎጃም በሰከላ ወረዳ ይገኛል። ምንጩ ያለበት ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ያለ ሲሆን፣ ከዚያ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ፈስሶ 1,786 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ከጣና ሐይቅ ይገባል። ለሐይቁ ውኃ ከሚያቀርቡት አራት ዋና ዋና ወንዞች፣ ማለትም ከግልገል ዓባይ፣ ከጉማራ፣ ከርብና ከመገጭ መካከል ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው ይኸው ወንዝ ነው። ስለሆነም በሰከላ ተራሮች ላይ የሚሆነው ነገር በሜጫ ሜዳ፣ በባሕር ዳርና በሐይቁ ዳርቻ ባሉት ወረዳዎች ሁሉ ይታያል።

የላይኛው አካባቢ ገበሬ ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ባቄላና ድንች ያመርታል። ዝቅ ሲባል በሜጫና በአካባቢው በቆሎ፣ ዳጉሳና ጤፍ ይበዛሉ። በሐይቁ ዳርቻ ሩዝ፣ ሽምብራና ጓያ ይመረታሉ። የዝናቡ ዋና ወቅት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ክረምት ነው። አስቀድሞ በበልግ የሚወርደው አነስተኛ ዝናብ ግን በቀላሉ የሚታይ አይደለም። መሬቱ የሚለሰልሰውና የሚታረሰው፣ ቀደም ብሎ የሚተከለው ድንችም የሚበቅለው በዚያው ዝናብ ነው። ይህ ድንች ጎተራ በሚራቆትበት በሐምሌና በነሐሴ ስለሚደርስ ለብዙ ቤተሰብ የክረምት መሻገሪያ ነው።

የመሬት ይዞታው ጠባብ ነው። በአካባቢው ልማድ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ያህል ይገመታል። ብዙው ገበሬ የሚያርሰው ከዚህ ያልበለጠ፣ ብዙ ጊዜም ያነሰ መሬት ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር በመቀናጆ ያርሳል። በሬ የሌለው መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ የምርቱን ድርሻ ይወስዳል። ይህን ማወቅ አስፈላጊ የሚሆነው የዝናብ መዛባት የሚያስከትለው የኤኮኖሚ ጉዳት በመጨረሻ የሚያርፈው በበሬው ላይ ስለሆነ ነው።

የዝናቡና የሙቀቱ ጠባይ

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ውስጥ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ማለቱ ተረጋግጧል። በብሔራዊ የሜቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በተደረገ ጥናት ደግሞ ዝቅተኛው፣ ማለትም የሌሊቱ የአየር ሙቀት በየአሥር ዓመቱ በ0.37 ዲግሪ ያህል ጨምሯል።

ይህ ቁጥር ለዓይን ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ሲታሰብ፣ የ1.3 ዲግሪ ጭማሪ የደጋና የወይና ደጋን ድንበር ወደ 200 ሜትር ያህል ወደ ላይ እንደ መግፋት ይቆጠራል። ቀድሞ ገብስ ብቻ ይበቅልበት የነበረ መሬት በቆሎና ጤፍ ለማብቀል የሚበቃበት ጊዜ ይመጣል። ይህ በአንድ በኩል ጥቅም አለው። በሌላ በኩል ግን የሰብል ተባይ፣ ዋግና የወባ ትንኝም ከሙቀቱ ጋር አብረው ወደ ላይ ይወጣሉ።

ዝናቡን በተመለከተ ነገሩ ከዚህ የተለየ ነው። በጣና ተፋሰስ ከተደረጉት ጥናቶች ብዙዎቹ በዓመታዊው የዝናብ መጠን ላይ ግልጽ የሆነ መቀነስ አላገኙም። ብዙ የሥራ ኃላፊዎች የሚሳሳቱትም በዚህ ላይ ነው። የዓመቱ ድምር ካልቀነሰ ጉዳት የለም ብሎ መደምደም አይቻልም። ሰብል የሚበቅለው በዓመቱ ድምር ሳይሆን በየሳምንቱ በሚያገኘው እርጥበት ነው። ዝናቡ በሁለት ሳምንት ዘግይቶ ቢጀምርና በሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢቆም፣ በመካከሉ ያለው ዶፍ የጎደለውን በድምር ቢሞላውም እንኳ ገበሬው የአንድ ወር የማብቀያ ጊዜ አጥቷል።

ለዚህ መዛባት አንዱ ምክንያት ከሩቅ የሚመጣ ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ ወለል ከወትሮው በላይ ሲሞቅ የሚከሠተውና ኤልኒኖ የሚባለው ሁኔታ በአብዛኛው የኢትዮጵያን የክረምት ዝናብ ያዳክማል። እ.ኤ.አ. በ2002፣ በ2009ና በ2015 የታየው ይኸው ነው። በመጨረሻው ጊዜ፣ ማለትም በ2008 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው መንግሥትና ረጂ ድርጅቶች በጋራ አስታውቀው ነበር።

ጉዳቱ በገበሬው ሂሳብ ውስጥ

የኤኮኖሚው ጉዳት በምን መንገድ እንደሚመጣ ለመረዳት የአንድን ቤተሰብ ሂሳብ መመልከት ይጠቅማል። የሚከተለው ለማስረዳት ያህል ብቻ የቀረበ ምሳሌ ነው።

ስድስት ሰዎች ያሉት አንድ ቤተሰብ አራት ቃዳ መሬት አርሶ በደህና ዓመት 16 ኩንታል እህል አገኘ እንበል። በዕርዳታ ሥራ በተለመደው መለኪያ አንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ያስፈልገዋል። ስለዚህ የስድስቱ ሰዎች የዓመት ቀለብ 10.8 ኩንታል ይሆናል። ለዘር 1.2 ኩንታል ቢቀመጥ ድምሩ 12 ኩንታል ነው። የሚተርፈው አራት ኩንታል ይሸጣል። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን የሚከፍለው፣ ግብሩን የሚገብረው፣ ጨውና ልብስ የሚገዛው፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከውና የታመመውን የሚያሳክመው በዚህ አራት ኩንታል ነው።

በሚከተለው ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ ምርቱ በሩብ ቢቀንስ 12 ኩንታል ይገኛል። የወረዳው ሪፖርት «ምርቱ 75 ከመቶ ነው፣ አካባቢው ዕርዳታ አያስፈልገውም» ይላል። በቀለብ ረገድ ሪፖርቱ ትክክል ነው። በገንዘብ ረገድ ግን ቤተሰቡ ለገበያ የሚያወጣው አራት ኩንታል በሙሉ ጠፍቷል። የ25 ከመቶ የምርት መቀነስ የ100 ከመቶ የገቢ መቀነስ ሆነ ማለት ነው። ምርቱ በስምንት አንድ ብቻ፣ ማለትም በሁለት ኩንታል ቢቀንስ እንኳ የገበሬው ገቢ በግማሽ ይወርዳል። በጠባብ መሬት ላይ የሚኖር ገበሬ ኤኮኖሚ ለዝናብ መዛባት ይህን ያህል የተጋለጠ የሚሆንበት ምክንያት ይኸው ነው።

ዕዳው ግን የሚጠብቅ አይደለም። ገበሬው መጀመሪያ በግ ወይም ፍየል ይሸጣል። ቀጥሎ ያልደረሰ ባሕር ዛፍ ይቆርጣል። ከዚያም በሬውን ያወጣል። በአንድ ወቅት ብዙ ገበሬዎች በሬ ሲሸጡ የበሬ ዋጋ ይወርዳል፤ በዚያው ወቅት የእህል ዋጋ ይወጣል። አንድ በሬ በደህና ጊዜ የሚያስገኘው የእህል መጠን በችግር ጊዜ በእጅጉ የሚያንሰው ስለዚህ ነው።

ጉዳቱ በዚህ ዓመት አያበቃም። አንዱን በሬ የሸጠ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት መቀናጆ መፈለግ አለበት። የጓደኛው ማሳ እስኪታረስ የእርሱ ይዘገያል። ተደጋግሞ መታረስ የሚገባው የጤፍ ማሳ ከሚገባው ያነሰ ይታረሳል፣ ዘሩም ዘግይቶ ይዘራል። ዝናቡ ቀድሞ ቢቆም በመጀመሪያ የሚመታው ዘግይቶ የተዘራው ማሳ ነው። በዚህ አኳኋን የአንድ ዓመት የዝናብ መዛባት፣ በሁለተኛው ዓመት ዝናቡ መልካም ቢሆንም እንኳ፣ ሁለተኛ ኪሣራ ይወልዳል። ሁለቱንም በሬ የሸጠው ደግሞ መሬቱን በእኩል አሳርሶ የምርቱን ግማሽ ብቻ ያገኛል።

ሌሎች የኪሣራ መንገዶች

ከላይ ከተገለጸው ሌላ በሂሳብ ሲታዩ ከፍ ያሉ፣ ነገር ግን በሪፖርት እምብዛም የማይወጡ ወጪዎች አሉ።

አንደኛው ድጋሚ ዘር ነው። ዝናቡ ጀምሮ ሲቋረጥ የተዘራው ዘር በቡቃያው ይደርቃል። ዝናቡ ሲመለስ ገበሬው እንደገና ይዘራል። ለቀለብ ያስቀመጠውን እህል ለዘር ያውለዋል፣ አለዚያም ዋጋው በናረበት ወቅት ይገዛል። የዓመቱ ምርት መልካም ቢሆን እንኳ የዘሩ ወጪ እጥፍ ሆኗል።

ሁለተኛው የዘር ዓይነት ለውጥ ነው። የዝናቡ ወቅት ሲያጥር ገበሬው ረጅም ጊዜ የሚፈልገውንና ብዙ የሚያፈራውን ዘር ትቶ ፈጥኖ የሚደርሰውን፣ ግን አነስ ያለ ምርት የሚሰጠውን ይመርጣል። ይህ ብልህነት ነው፤ ሆኖም ከአደጋ ለመዳን የሚከፈል የየዓመቱ ዋጋ ነው።

ሦስተኛው ከልክ ያለፈ ዝናብ ነው። ዶፍ ሲበዛ የማዳበሪያው ንጥረ ነገር ታጥቦ ይሄዳል፣ ለም አፈሩም ይሸረሸራል። ብዙ ዝናብ በሚወርድበት በጎጃም ደጋ አፈሩ በጊዜ ብዛት ካልሲየሙ ታጥቦ ኮምጣጣ ይሆናል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 ከመቶ በላይ የሚሆነው በአፈር ኮምጣጣነት የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል፤ ምዕራብ ጎጃምም ከተጠቁት ዋና ዋና አካባቢዎች አንዱ ነው። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የሚጨመር ማዳበሪያ የሚገባውን ውጤት አይሰጥም። ስለዚህ ገበሬው በውድ የገዛውን ማዳበሪያ በከንቱ ያፈሰዋል።

አራተኛው ያለ ወቅቱ የሚመጣ ዝናብ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ እህሉ ታጭዶ በክምር ሳለ ወይም በአውድማ ላይ እያለ የሚወርድ ዝናብ እህሉን ያበቅለዋል፣ ቀለሙን ያበላሸዋል፣ የገበያ ዋጋውንም ይቀንሰዋል። ይህ ኪሣራ የሚደርሰው ዘሩም፣ ጉልበቱም፣ ማዳበሪያውም ሁሉ ወጥቶ ካበቃ በኋላ ስለሆነ ከሁሉ ይከብዳል።

አምስተኛው በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በኢትዮጵያ የስንዴ አብቃይ አካባቢዎች ተዛምቶ ብዙ ገበሬ የሚዘራቸውን ኩብሳንና ጋለማን የመሳሰሉ ዝርያዎች አጥቅቷል። በሰው በኩል ደግሞ የወባ በሽታ የሚበረታው ከክረምት በኋላ፣ በመስከረምና በኅዳር መካከል ሲሆን ይህም አጨዳ ከሚጀምርበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አሳምሞ 150,000 ያህል መግደሉ ይታወሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ በኢትዮጵያና በኮሎምቢያ ማስረጃ አሳይቷል። በአጨዳ ወራት አባወራው ቢተኛ ደቦና ወንፈል ሊያግዙት ይችላሉ፤ መንደሩ በሙሉ ሲታመም ግን የሚያግዝ አይኖርም።

ገበያውና ዝናቡ

የዝናብ መዛባት የሚያደርሰው ጉዳት በመጥፎ ዓመት ብቻ የሚታይ አይደለም። ለዚህ በቂ ትምህርት የሚሰጠው የ1994ና የ1995 ዓ.ም. ሁኔታ ነው። ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ በተከታታይ መልካም ምርት በመገኘቱ በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ዋጋ በእጅጉ ወደቀ። ምዕራብ ጎጃምን በመሳሰሉ ትርፍ አምራች አካባቢዎች ገበሬው ያገኘው ገንዘብ ለማዳበሪያ የተበደረውን እንኳ ለመክፈል አልበቃም። ብዙዎች በዕዳ ተይዘው በሚቀጥለው ወቅት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር መጠቀም ቀነሱ። በዚያው ክረምት ዝናቡ ደከመ። በ1995 ዓ.ም. 13 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ ዕርዳታ ፈላጊ ሆነ።

የዚህ ትምህርቱ ግልጽ ነው። እህል ተትረፍርፎ በተጣለበትና ሕዝብ በተራበበት መካከል ያለው ጊዜ ከአንድ ዓመት አልበለጠም። በቂ መጋዘን፣ መንገድና የተረጋጋ ገበያ ባለመኖሩ የመልካሙ ዓመት ትርፍ የመጥፎውን ዓመት ጉድለት ሊሞላ አልቻለም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ጥናት የዝናብና የውኃ መዋዠቅ ኢትዮጵያን ከዕድገት አቅሟ ከአንድ ሦስተኛ በላይ እንደሚያሳጣት የገመተው ይህን የመሰለውን ግንኙነት በማስላት ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ገበያ የማዳበሪያ ዋጋ መናሩ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ማዳበሪያ በወቅቱ አለመዳረሱና በዚያው ዓመት ማብቂያ የተቀሰቀሰው ግጭት መንገድና ገበያ ማወኩ በዚህ ሁሉ ላይ የተጨመረ ሸክም ነው። ለዝናቡ መዘግየት ገበሬው በራሱ ብልሃት የሚያገኘው መፍትሔ ቢኖር እንኳ ማዳበሪያውና ዘሩ አብረው ከዘገዩ ብልሃቱ ዋጋ አይኖረውም።

ከምንጩ እስከ ሐይቁ

በላይኛው ተፋሰስ የሚደርሰው ጉዳት በታችኛው ላይ ሌላ መልክ ይዞ ይታያል። ከሰከላ ተዳፋቶች የተሸረሸረው አፈር በግልገል ዓባይ ተጭኖ ሐይቁ አፍ ላይ ይወርዳል። አፈሩና የታጠበው ማዳበሪያ ለውኃ አረም መኖ ይሆናሉ። እምቦጭ የተባለው አረም በጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. መታየቱ ከታወቀ ወዲህ በሐይቁ ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ ዓሣ አጥማጁን፣ ከብት አርቢውንና የሩዝ ገበሬውን ሲያስቸግር ቆይቷል።

በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ በጣለው ከባድ ዝናብ ርብና ጉማራ ከዳር እስከ ዳር ሞልተው፣ ሐይቁም ገፍቶ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደንቢያ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ ሰብልና ከብትም ጠፍቷል። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 1995 ዓ.ም. ግን ሐይቁ ከተመዘገበው ሁሉ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ወርዶ ነበር። የዚህ ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው የክረምቱ ዝናብ መድከም ሲሆን፣ ሁለተኛው በ1988 ዓ.ም. በተሠራው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ አማካይነት በ1993 ዓ.ም. ለተከፈተው ለሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ብዙ ውኃ መለቀቁ ነው። ውኃው ሲሸሽ ጀልባዎች ከወደቦቻቸው መድረስ ተቸገሩ፣ የደንገል መሬቱ ደረቀ፣ ገበሬዎችም በተጋለጠው የሐይቅ ወለል ላይ ማረስ ጀመሩ። ውኃው ሲመለስ እርሻው ጠፋ።

ይህ የሚያሳየው የአየር ጠባይ ለውጥ ለብቻው እንደማይሠራ ነው። የሰው አሠራር ጉዳቱን ሊያባብሰውም ሊያቃልለውም ይችላል።

ሠፈራና የዝናብ ተስፋ

የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ለተደጋጋሚ ድርቅ እንደ ዘላቂ መፍትሔ ከታዩት አንዱ ሠፈራ ነበር። ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ያህል ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጎጃምና ወደ ጎንደር ቆላማ ቦታዎች ተዛውሯል። ከእነዚህ መካከል ከግሽ ዓባይ በስተምዕራብ በመተከል የሚገኘው ፓዌ፣ በኢጣሊያ መንግሥት ዕርዳታ የጣና በለስ ፕሮጀክት የተካሄደበት፣ ከ80,000 በላይ ሠፋሪ የተቀበለ ጣቢያ ነበር።

የዚያ ሥራ መነሻ ሐሳብ በአጭሩ ምሥራቁ ዝናብ የለውም፣ ምዕራቡ አለው የሚል ነበር። በተግባር ግን ዝናብ መኖሩ ብቻውን አልበቃም። ከደጋ የመጣው ገበሬ ወባ ገጠመው፤ በሬው በገንዲ አለቀ፤ እርሻው በትራክተርና በመንግሥት ድጎማ ላይ ቆመ። በየዓመቱ ቦታ እየቀያየረ ያርስ የነበረው የጉሙዝ ሕዝብም መሬቱ ጠበበበት፣ ቅራኔም ተፈጠረ። በ1983 ዓ.ም. የፕሮጀክቱ ሥራ ሲቋረጥ ከሠፋሪዎቹ ብዙዎቹ ተበተኑ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረውና 2.2 ሚሊዮን ሕዝብ በየክልሉ ውስጥ ለማስፈር የታቀደው ፕሮግራምም በብዙ ቦታ ተመሳሳይ የውኃ፣ የጤናና የመሬት ችግር ገጥሞታል።

አሁን ላይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል። የመተከልና የግሽ ዓባይ ክረምት የሚመጣው በአመዛኙ ከደቡብ ምዕራብ በሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ነው። የዚህ ነፋስ ወቅት ከተዛባ የሠፋሪው አዲስ ቀበሌም፣ ትርፍ እህል የሚጠበቅበት የጎጃም ደጋም በአንድ ጊዜ ይጎዳሉ። በ1970ዎቹ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ለከተሞችና ለሠራዊቱ እህል ይሰበስብ የነበረው ጎጃምን ከመሳሰሉ ክፍለ ሀገሮች በኮታ እንደ ነበር ይታወሳል። ትርፍ አምራች የተባለው አካባቢ ትርፉን ሲያጣ ድርቅ የመታው አካባቢም የሚረዳበት ምንጭ ይነጥፋል። ስለዚህ አንድ ቦታ ለሠፈራ ሲመረጥ የዓመቱን የዝናብ ድምር ማየት አይበቃም። ዝናቡ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ከዓመት ዓመት ምን ያህል እንደሚለያይ፣ ለበሬ የሚሆን ግጦሽና ጤና መኖሩና የነባሩ ሕዝብ የመሬት አጠቃቀም ምን እንደሆነ አስቀድሞ መጠናት አለበት።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በግልገል ዓባይ ተፋሰስ ገበሬውን ከዝናብ ጥገኝነት ለማላቀቅ ከተሠሩት ሥራዎች ዋናው በመራዊ አጠገብ በቆጋ ወንዝ ላይ የተገነባውና በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ የተደገፈው ግድብ ነው። ግድቡ 7,000 ሄክታር መሬት በመስኖ እንዲያለማ የታቀደ ሲሆን፣ ገበሬዎች በበጋ ስንዴ፣ ድንችና ሽንኩርት እንዲያመርቱ አስችሏል። ሆኖም ከግድቡ በላይ ያለው ተዳፋት ካልተጠበቀ ደለሉ ውኃው የሚጠራቀምበትን ቦታ ይሞላዋል። መስኖው የሚያድነው የታችኛውን ገበሬ ነው፤ መስኖውን የሚያድነው ግን የላይኛው ገበሬ የሚሠራው እርከን ነው።

በራሳቸው በገበሬዎቹ ተነሳሽነት የተስፋፋው ሌላው መፍትሔ ዛፍ ነው። በሜጫና በሰከላ ባሕር ዛፍ፣ በአዊ በፋግታ ለኮማ ደግሞ ዲከረንስ የተባለው የግራር ዓይነት እንደ ሰብል ይተከላል። ዲከረንስ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ ተዘርቶ፣ በአራትና በአምስት ዓመት ውስጥ ለከሰል ይደርሳል። ለዝናብ መዘግየት እንደ እህል ስለማይጋለጥ ለገበሬው እንደ ባንክ ያገለግላል። ነገር ግን በኋለኞቹ ዓመታት ዛፉን የሚያጠቃ ዋግ መሰል በሽታ መዛመቱ ሀብትን ሁሉ በአንድ ተክል ላይ ማድረግ አደጋ እንዳለው አሳይቷል።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተደጋጋሚ የምግብ እጥረት ላለባቸው ወረዳዎች በሥራ ልዋጭ እህል ወይም ገንዘብ ሲሰጥ ቆይቷል። መመዘኛው ለዓመታት የተከታተለ የምግብ ዕርዳታ መቀበል ስለነበር ግን ጉዳታቸው በገቢ እንጂ በረሃብ የማይገለጽ አካባቢዎች ከዚህ ውጪ ሆነዋል። በ2001 ዓ.ም. በትግራይ በአዲሃ የተሞከረው በዝናብ መጠን ላይ የተመሠረተ የሰብል ዋስትና ለእንዲህ ያሉ አካባቢዎች መልካም ትምህርት ይሰጣል። ሆኖም ዋስትናው የሚለካው የዝናቡን ድምር ብቻ ከሆነ ለሰከላ አይበቃም፤ የሚጀምርበትንና የሚቋረጥበትን ጊዜም መለካት አለበት።

ለቅድመ ማስጠንቀቂያ የሚያገለግሉ ምልክቶች

ትርፍ አምራች ተብለው በሚታወቁ ወረዳዎች የተሰማሩ ሠራተኞች ረሃብ እስኪታይ ሳይጠብቁ የሚከተሉትን ቢከታተሉ ጉዳቱን በጊዜ ማወቅ ይችላሉ።

(ሀ) በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ የዘር እህል ዋጋ ከቀለብ እህል ዋጋ ተለይቶ መናሩ። ይህ ድጋሚ ዘር መዘራቱን ያመለክታል።

(ለ) አንድ የእርሻ በሬ በገበያ የሚያስገኘው የኩንታል ብዛት በተከታታይ ሳምንታት መቀነሱ። የበሬና የእህል ዋጋ ለየብቻ ሲመዘገቡ ይህ አይታይም፤ ጎን ለጎን መታየት አለባቸው።

(ሐ) ከጥር በፊት የእርሻ በሬ በብዛት ለገበያ መቅረቡ።

(መ) ያልደረሰ ባሕር ዛፍ መቆረጡና በመንገድ ዳር የሚሸጥ የማገዶና የከሰል መብዛት።

(ሠ) ወጣቶች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚሄዱበት ጊዜ ከወትሮው መቅደሙና ከሄዱት ውስጥ ለራሳቸው አጨዳ የማይመለሱት መብዛታቸው።

(ረ) ገበሬው የተመደበለትን ማዳበሪያ አለመውሰዱ ወይም ወስዶ መሸጡ።

ከእነዚህ አንዱ ብቻ ሲታይ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሦስቱ ወይም አራቱ አብረው ሲታዩ ግን የሚቀጥለው ዓመት እርሻ አደጋ ላይ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተመለከተው ሁሉ ግሽ ዓባይ ከወሎ ቀድሞ የቀለብ ዕርዳታ ይሰጠው ለማለት አይደለም። የሚራበው ሕዝብ ቅድሚያ ማግኘቱ አያከራክርም። ሊጤን የሚገባው የሁለቱ አካባቢዎች ችግር የተለያየ በመሆኑ መድኃኒቱም የተለያየ መሆኑ ነው። በሰከላ የሚያስፈልገው በሐምሌ ድጋሚ የሚዘራ ዘር፣ ዕዳን እስከ ሚቀጥለው መኸር የሚያራዝም አሠራር፣ ለኮምጣጣው አፈር ኖራ፣ ለተዳፋቱ እርከን፣ ለእህሉም ከኅዳር ዝናብ የሚጠለልበት ማከማቻ ነው። ይህ ሁሉ በጊዜው ቢደረግ ገበሬው በሬውን ሳይሸጥ ክረምቱን ይሻገራል።

በሬው ከተሸጠ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ኪሎ ዘር ሊያድነው ይችል የነበረ ቤተሰብ በሦስተኛው ዓመት ወርኃዊ ቀለብ ይፈልጋል፤ ከዚያም አልፎ ቀዬውን ለቆ ለሠፈራ ይመዘገባል። የዕርዳታ ሠራተኛው ያን ጊዜ የሚያገኘው መረጃ ትክክል ቢሆንም የዘገየ ነው። ስለዚህ ዝናብ በማይጠፋበት አገር የተመደበ ሠራተኛ የዝናብ መለኪያውን ካነበበ በኋላ ወደ ከብት ገበያውም መውረድ ይኖርበታል።